አሮጌ ላንድሮቨር፤ የዳሽቦርዱ መብራት ሲጠፋ ጥፋቱን ፈልጎ ስለ ማግኘት

በመከር ወራት እህል የሚያመላልስ መኪና ወደ ቤቱ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመሸ በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት የዳሽቦርዱ መብራት ባይበራ ነጂው ያጣው ነገር የፍጥነቱን ቁጥር ማንበብ ብቻ ይመስለውና «ግድ የለም፥ መንገዱን አውቀዋለሁ» ብሎ ይነዳል። ነገር ግን በዚያ ሰሌዳ ላይ ካሉት ትንንሽ መብራቶች አንዱ የሞተሩ ዘይት ግፊት ማጣቱን የሚናገር ነው። ሌላው ባትሪው መሞላት ማቆሙን ይናገራል። እነዚህ ዲዳ የሆኑ እንደ ሆነ፥ ሞተሩ ያለ ዘይት ሲሠራ ነጂውን የሚያስጠነቅቀው አይኖርም፤ በጥቂት ደቂቃም ውስጥ ሞተሩ ይነክሳል። የአንድ ትንሽ አምፑል ዋጋና የአንድ ሞተር ማደሻ ዋጋ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማንም ግልጽ ነው።

ከዚህም የሚከፋ አለ። መብራቱ እንዲበራ ብቻ ብሎ በፊውዙ ቦታ የሽቦ ቁራጭ ወይም የሲጋራ ብርማ ወረቀት የሚያስገባ ሰው ጥቂት አይደለም። ጭድ ወይም ነዶ በጫነ መኪና ላይ ሽቦ ሲግል የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም።

ስለዚህ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ያዙ፤ ጥፋቱ ያለበትን ቦታ ሳታገኙ ዕቃ አትለውጡ። በአሮጌ መኪና የዳሽቦርድ መብራት የሚጠፋው አምፑል በመቃጠሉ ብቻ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ መገናኛው ነው፥ ይልቁንም ኀይሉ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ።

ለምሳሌ የመረጥነው አሮጌውን ላንድሮቨር ነው። ላንድሮቨር በ1948 እ.ኤ.አ. መሠራት ጀመረ፤ ሲሪስ 2 በ1958፥ ሲሪስ 2ኤ በ1961፥ ሲሪስ 3 በ1971 ወጡ፤ የመጨረሻው እስከ 1985 ድረስ ተሠርቷል። እስከ ሲሪስ 2ኤ ድረስ የመለኪያዎቹ ሰሌዳ በጋቢናው መካከል ነበረ፤ በሲሪስ 3 ከመሪው ፊት ለፊት መጣ። ይህ መኪና ለትምህርት የሚመች ስለ ሆነ ነው የመረጥነው፤ ሽቦው ጥቂት ነው፥ በዐይን ይታያል፥ ኮምፒዩተርም የለበትም። በእርሱ የተማረ ሰው በአሮጌ ትራክተር ሰሌዳ ላይም አይቸገርም፤ የሽቦው ቀለም ቢለይም ሥርዐቱ አንድ ነው። ኮምፒዩተርና የአየር ከረጢት ያለባቸውን አዳዲስ መኪናዎች ግን እዚህ በተነገረው መንገድ አትንኩ፤ የእነርሱ ፈተና ሌላ ነው።

የኀይሉ መሄጃና መመለሻ

የመስኖ ውኃ ከቦዩ ወጥቶ ማሳው ላይ ይቀራል። የኤሌክትሪክ ኀይል ግን እንዲህ አይደለም፤ ከባትሪው ወጥቶ በማብሪያውና በአምፑሉ አልፎ እንደ ገና ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። መመለሻው በአንድ ቦታ ከተቋረጠ መሄጃው ምንም ያህል ደኅና ቢሆን መብራቱ አይበራም። በመኪና ላይ ለመመለሻ የተለየ ሽቦ እስከ ባትሪው ድረስ አይዘረጋም፤ የመኪናው አካል ራሱ፥ ሻሲውና የብረት ግድግዳው፥ እንደ ሽቦ ያገለግላል። የጋራዥ ሰዎች ይህን መመለሻ «ማሳ» ይሉታል፤ ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነውና ከእርሻው ማሳ ጋር አይምታታባችሁ።

ላንድሮቨር በማሳው በኩል ደካማ የሆነበት ምክንያት አለው። አካሉ አብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ ሻሲውና በሞተሩና በጋቢናው መካከል ያለው ግድግዳ ግን ብረት ነው። አሉሚኒየምና ብረት በሚገናኙበት ቦታ እርጥበት ሲገባ ነጭ ዱቄት የሚመስል ዝገት ይፈጠራል፤ ይህም ኀይሉን ያግዳል። በላዩ ቀለም የተቀባ እንደ ሆነ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ አካሉ ተበይዶና ቀለም ተቀብቶ ከመጣ በኋላ መብራት የጠፋበት መኪና ሲገጥማችሁ፥ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ማሳውን ይሁን።

አንድ ሌላ ነገር አስተውሉ። እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ገደማ በተሠሩት ላንድሮቨሮች ከአካሉ ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ኔጌቲቩ ሆነ። ብዙዎቹ በኋላ ዘመን ተለውጠዋልና በዓመቱ ብቻ አትመኑ፤ ኮፈኑን ከፍታችሁ ከባትሪው ወደ አካሉ የሚሄደው ወፍራም ገመድ በየትኛው ምልክት ላይ እንደ ታሰረ በዐይናችሁ ተመልከቱ።

መፈተኛውን በቤት ስለ መሥራት

ቴስተር ያለው ሰው በእርሱ ይሥራ። የሌለው ግን 5 ዋት የሆነ የ12 ቮልት አምፑል ከነመያዣው፥ ሁለት ክንድ የሚያህል ሁለት ሽቦ፥ በአንደኛው ጫፍ መቆንጠጫ፥ በሌላው የተሳለ ሚስማር አድርጎ መፈተኛ መሥራት ይችላል። መቆንጠጫውን ንጹሕ ብረት ላይ አስይዛችሁ በሚስማሩ ሽቦውን ስትነኩ አምፑሉ ከበራ እዚያ ድረስ ኀይል ደርሷል ማለት ነው። ከመጀመራችሁ በፊት መፈተኛውን በራሱ በባትሪው ላይ ሞክሩት፤ የተበላሸ መፈተኛ ሰውን ቀኑን ሙሉ ሲያደክመው ይውላል።

ከዚህ በቀር የሚያስፈልጋችሁ ካቻቪቴ፥ ፒንሳ፥ የብርጭቆ ወረቀት፥ ናስትሮና ሁለት ሜትር የሚሆን ትርፍ ሽቦ ነው።

ሰሌዳውን ከመፍታታችሁ በፊት የባትሪውን የማሳ ገመድ ፍቱ። ከሰሌዳው ጀርባ ቡናማ ሽቦ አለ፤ ቡናማው ቁልፍ ቢዘጋም ኀይል የማይለየው ነው፥ በፊውዝም ላያልፍ ይችላል። ካቻቪቴ ቢያመልጣችሁና ቡናማውን ከአካሉ ጋር ቢያገናኘው ሽቦው በቅጽበት ይግላል። ቀለበትና የብረት ሰዓትም አውልቁ። ለመፈተን ኀይሉ ሲያስፈልግ ገመዱን መልሳችሁ ታስሩታላችሁ።

ሰሌዳው ሲጨልም

መለኪያዎቹን የሚያበሩት አምፑሎች እያንዳንዳቸው 2.2 ዋት የሆኑ በጥርስ የሚታሰሩ ትንንሽ አምፑሎች ናቸው። ኀይል የሚያገኙት ትንሹ መብራት ሲበራ ብቻ ነው፤ በፋብሪካው ሥርዐት ትንሹን መብራት የሚመግበው ሽቦ ቀይ ሲሆን፥ ወደ ሰሌዳው አምፑሎች የሚሄደው ቀይ ሆኖ ነጭ መሥመር ያለበት ነው። ማሳው ጥቁር ነው። (በብዙ እጅ ያለፈ መኪና ላይ ቀለሙ ተደባልቆ ብታገኙት አትደነቁ።)

ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና ምንም መፍቻ አያስፈልገውም። ትንሹን መብራት አብሩና ወርዳችሁ የፊቱንና የኋላውን ተመልከቱ። እነርሱ በርተው ሰሌዳው ብቻ ከጨለመ፥ ጥፋቱ ከማብሪያው ወዲህ በቀይና ነጩ ሽቦ፥ በአምፑሎቹ ወይም በሰሌዳው ማሳ ላይ ነው። ከኋላው መብራት ጋር አብሮ ከጠፋ ግን በሰሌዳው አትድከሙ፤ ወደ ኋላ ሂዱ። ተጎታች የሚጎትት መኪና ከሆነ በኋላ በኩል ያለውን የተጎታቹን መሰኪያ ክፈቱ። ጭቃና ውኃ የሚሞላው፥ ሽቦውም ከድንጋይ ጋር የሚጋጨው እዚያ ነው፤ የኋላው መብራትና የሰሌዳው መብራት ምግባቸው ከአንድ ምንጭ ስለ ሆነ የአንዱ ጥፋት ሌላውን ይዞ ይሄዳል።

ሰሌዳው ብቻ የጨለመ እንደ ሆነ ብሎኖቹን ፈትታችሁ ወደ ፊት ሳቡትና አምፑሎቹን አንድ በአንድ በጣታችሁ አጥብቁ። በኮረኮንች መንገድ ንዝረት የተነሣ በጥርስ የሚታሰር አምፑል ይላላል፤ አንዳንድ ጊዜ ሥራው በዚሁ ያልቃል። ካልበሩ አንዱን አውጡና በውስጡ ያለው ቀጭን ክር መበጠሱን ተመልከቱ። ሁሉም አምፑሎች በአንድ ሌሊት የተቃጠሉ ሆነው ከተገኙ አዲስ ከማስገባታችሁ በፊት ሞተሩን አስነሥታችሁ የባትሪውን ቮልት ለኩ። ከ13.5 እስከ 14.5 ቢሆን ደኅና ነው፤ ከ15 ካለፈ ጥፋቱ ከመሙያው መቈጣጠሪያ ነውና አዲሶቹም ይቃጠላሉ።

አምፑሉ ደኅና ከሆነ በመፈተኛው የቀይና ነጩን ሽቦ ጫፍ ንኩ። መፈተኛው ካልበራ በዚያው ሽቦ እየተከተላችሁ ወደ ማብሪያው ተመለሱ፤ በአንድ በኩል በርቶ በሌላው በኩል ያልበራበት ቦታ ጥፋቱ ያለበት ነው። ማብሪያው ራሱ በአቧራ ሊዘጋ ይችላል፤ ደጋግሞ ማብራትና ማጥፋት አንዳንድ ጊዜ ያጸዳዋል፥ ግን መድኃኒቱ ብዙ አይቆይም።

መፈተኛው ከበራና አምፑሉ ግን ካልበራ የቀረው ማሳው ነው። ትርፉን ሽቦ አንዱን ጫፍ ከባትሪው የማሳ ሞርሴት ጋር አገናኙና በሌላው ጫፍ የአምፑሉን መያዣ አካል ንኩ። በዚያን ጊዜ ሰሌዳው ቦግ ካለ ነገሩ አለቀ፤ የጥቁሩን ሽቦ ጫፍ ፈልጋችሁ የሚታሰርበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ድረስ ፍቁ፥ አጥብቃችሁ እሰሩ፥ ላዩንም ግራሶ ቀቡት። ቴስተር ያለው ሰው መብራቱ በርቶ ሳለ በአምፑሉ መያዣና በባትሪው የማሳ ሞርሴት መካከል ይለካ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካገኘ መመለሻው ታሟል።

የማሳ ሕመም ምልክቱ ጨለማ ብቻ አይደለም። ፍሬን ሲረገጥ ሰሌዳው ይደበዝዛል፥ ፍሬቻ ሲበራ ሌላ መብራት አብሮ ብልጭ ይላል። ኀይሉ መመለሻ ሲያጣ በሌላው አምፑል በኩል አሳብሮ ስለሚሄድ ነው። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ማብሪያውን ይለውጣል፤ ገንዘቡን በከንቱ ማጥፋቱ ነው።

የልማት ሠራተኞች ይህን በቃል ብቻ ከማስተማር በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ቢያሳዩት ይሻላል። አንድ ባትሪ፥ ሁለት አምፑል፥ ግማሹ ቀለም የተቀባ ግማሹ የተፋቀ አንድ የቆርቆሮ ቁራጭ ይበቃል። የማሳውን ሽቦ በቀለሙ ላይ አድርጎ፥ ቀጥሎም በተፋቀው ላይ አድርጎ ማሳየት አንድ ሰዓት ከሚፈጅ ንግግር ይበልጣል።

የሚያስጠነቅቁት መብራቶች

ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩን ሳታስነሡ የዘይቱና የባትሪው መብራት ሁለቱም መብራት አለባቸው፤ ሞተሩ ሲነሣ ሁለቱም መጥፋት አለባቸው። ይህን በየጠዋቱ ማየት ልማድ ይሁን። «አይበራምና ደኅና ነው» የሚል ነጂ ብዙ ነው፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፥ ሞተሩ ሳይነሣ ያልበራ የዘይት መብራት በመንገድም ላይ አይበራም።

የዘይቱ መብራት ሽቦ ነጭ ሆኖ ቡናማ መሥመር ያለበት ነው፤ ከዘይት ማጣሪያው አጠገብ ካለች ትንሽ መቀስቀሻ ጋር ይገናኛል። ይህች መቀስቀሻ ግፊት ሲጠፋ ሽቦውን ከማሳ ጋር ታገናኛለች፤ ግፊት ሲመጣ ትለያለች። መብራቱ ቁልፍ ሲከፈት ካልበራ ሽቦውን ከመቀስቀሻዋ ንቀሉና ጫፉን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ አስነኩ። ከበራ ጥፋተኛዋ መቀስቀሻዋ ናት፤ ካልበራ አምፑሉ ወይም ሽቦው ነው።

ሞተሩ እየሠራ ሳለ መብራቱ የበራ እንደ ሆነ ግን የሽቦ ፈተና ጊዜ አይደለም። ወዲያው አቁሙ፥ ሞተሩን አጥፉ፥ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥታችሁ ተመልከቱ። ዘይቱ ሙሉ ቢሆንም «መቀስቀሻዋ ተበላሽታ ይሆናል» ብላችሁ አትንዱ፤ መካኒክ ግፊቱን በመለኪያ እስኪያረጋግጥ ድረስ መኪናው ይቁም። ደግሞም የመብራቱ መጥፋት ዘይቱ ሙሉ መሆኑን አያመለክትም፤ እርሱ የሚያውቀው ግፊትን ብቻ ነው። ዘንጉን በየጠዋቱ ማየት አይቀርም።

የባትሪው መብራት ሽቦ ቡናማ ሆኖ ቢጫ መሥመር ያለበት ነው። በመንገድ ላይ ይህ መብራት ሲበራ አቁማችሁ መጀመሪያ ቺንጋውን ተመልከቱ። በላንድሮቨር ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ የውኃውን ፓምፕና ማራገቢያውንም ያዞራል፤ ስለዚህ ቺንጋው ተበጥሶ ሳለ የሚነዳ ሰው ባትሪውን ብቻ ሳይሆን ሞተሩንም ያቃጥላል።

በሲሪስ 3 ከዲናሞው ይልቅ አልተርኔተር ገብቷል። በአልተርኔተር ላይ ይህ መብራት ምስክር ብቻ አይደለም፤ አልተርኔተሩን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ጥቂት ኀይል በእርሱ በኩል ያልፋል። አምፑሉ ሲቃጠል አልተርኔተሩ ደኅና ሆኖ ሳለ መሙላት ሊተው ይችላል። ደኅና አልተርኔተር እየጣሉ ሌላ ከመግዛት በፊት 2.2 ዋት የሆነችውን አምፑል ማየት ይገባል። ዛሬ በገበያ የሚሸጠው የኤልኢዲ አምፑልም በዚህ ቦታ አይሁን፤ የሚያሳልፈው ኀይል እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ ያንኑ ጥፋት ያመጣል። መለኪያዎቹን ለማብራት ግን ይሆናል፥ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ እስካልተገለበጠ ድረስ።

የነዳጁና የውኃ ሙቀቱ ጠቋሚ ሁለቱም አብረው ከተሳሳቱ ሁለቱን ጠቋሚዎች አትጠርጥሩ። ከሰሌዳው ጀርባ 10 ቮልት አድርጎ የሚመግባቸው ትንሽ ማስተካከያ አለ፤ በእርሱና በማሳው ጀምሩ።

ፊውዙ በተደጋጋሚ ሲቃጠል

ሂሳቡን እንመልከት። 2.2 ዋት ለ12 ቮልት ሲካፈል 0.18 አምፔር ይሆናል። ሦስት እንዲህ ያሉ አምፑሎች ግማሽ አምፔር ያህል ነው የሚወስዱት። ስለዚህ ፊውዝ ያቃጠለው የሰሌዳ አምፑል ሊሆን አይችልም፤ በአንድ ቦታ ሽፋኑ የተላጠ ሽቦ አካሉን ነክቶ ኮንታክት ፈጥሯል።

በአሮጌው የእንግሊዝ ፊውዝ ላይ 35 ተብሎ የተጻፈው የሚበጠስበት ልክ ነው፤ ሳይበጠስ ዘወትር የሚሸከመው ግማሹን፥ ማለት 17 አምፔር ያህል ነው። በአዲሶቹ ፊውዞች ላይ የሚጻፈው ግን ዘወትር የሚሸከሙት ነው። ስለዚህ 35 የሚለውን አይቶ አዲስ 35 የሚያስገባ ሰው እጥፍ አድርጎ አስገባ ማለት ነው፤ 15 ወይም 20 ይበቃዋል።

ኮንታክቱን ለማግኘት ፊውዝ ከማቃጠል ይልቅ የፍሬቻ 21 ዋት አምፑል ከሁለት ሽቦ ጋር አዘጋጁና በፊውዙ ቦታ አግቡት። ኮንታክት ካለ አምፑሉ ሙሉ ብርሃኑን ይሰጣል፤ ሽቦው ግን አይግልም፥ ከ2 አምፔር በታች ብቻ ነውና የሚያልፈው። አሁን ሽቦውን እያንቀሳቀሳችሁ፥ መገናኛውንም አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ሂዱ። አምፑሉ የጠፋበት ወይም የደበዘዘበት ቦታ ጥፋቱን ያሳያችኋል። መጀመሪያ የምትመለከቷቸው ሽቦ በብረት ግድግዳው የሚያልፍበት ቀዳዳ (የጎማ ቀለበቱ ወልቆ ይሆናል)፥ የጭስ ማውጫው አጠገብና የተጎታቹ መሰኪያ ናቸው። መኪናው ከጎተራ አጠገብ የሚያድር ከሆነ አይጥንም አትርሱ፤ አይጥ የሽቦ ሽፋን ትበላለች።

በብዙ አሮጌ ላንድሮቨሮች የመብራቱ መሥመር ከመጀመሪያውም ፊውዝ የለውም። ይህ በኔ አስተያየት የመኪናው ትልቁ ጉድለት ነው፥ ማረሙም ቀላል ነው። አራቱ ትንንሽ መብራቶች በ5 ዋት 20፥ የታርጋው 5፥ ሁለት የሰሌዳ አምፑል 4.4፥ ድምሩ 29.4 ዋት ነው፤ ይህም 2.5 አምፔር ያህል ነው። ከማብሪያው በሚወጣው ቀይ ሽቦ ላይ አዲስ 5 አምፔር ፊውዝ ከነመያዣው ቀጥሉ፤ ተጎታች ላለው 7.5 ይሁን።

የተበጠሰውን ሽቦ ስለ መቀጠል

ጠምዝዞ በፌስታል መጠቅለል ለአንድ ሌሊት ጉዞ ካልሆነ አይጠቅምም። ለትንንሽ መብራቶች የመስቀለኛ ስፋቱ 1 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው የመኪና ሽቦ ይበቃል። የቤት መብራት ሽቦ፥ ያ አንድ ወፍራም ክር ብቻ ያለው፥ በመኪና አይሁን፤ ንዝረት ይሰብረዋል፥ ስብራቱም በሽፋኑ ውስጥ ስለሚቀር በዐይን አይታይም። የተቀጠለውን በስታኞ በይዱት ወይም በመገናኛ ቆንጥጡት፥ ሁለት ዙር ናስትሮ ጠቅልሉበት፥ እንዳይወዛወዝም ከአካሉ ጋር እሰሩት። የፋብሪካው ቀለም ካልተገኘ ያገኛችሁትን ተጠቀሙና የትኛው ሽቦ በምን ቀለም እንደ ተተካ ከመኪናው ጋር በሚኖር ደብተር ላይ ጻፉት።